የሞዴል ሥራ ክበብ፦ ኤርብረሽ የገዛንበት ዓመት

የሞዴል ሥራ ክበብ በ2017 ዓ.ም. የሠራውን ሁሉ ልዘርዝር ብል መጽሔቱ አይበቃኝም። አብዛኛውም ጀሶ ማቡካት፣ ሽቦ ማጠፍና ጠረጴዛ መጥረግ ስለሆነ ለአንባቢ ብዙም አይጥምም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ስላጨቃጨቀን አንድ ግዢ ላውራ፤ ቀለምን በአየር ስለሚረጨው ስለ ኤርብረሽ። ሌላው በመንገዳችን ላይ ይነሳል።

ክበቡን ለማታውቁት፣ እንስሳን፣ ቤትን፣ ሰውንና መልክዓ ምድርን አሳንሰን እንሠራለን። የዘንድሮው ትልቁ ሥራ የመንዝ ጓሳ ነበር። ከመሐል ሜዳ አካባቢ የመጡ ተማሪዎች ስላሉን ጓሳን የመረጡት እነሱ ናቸው። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ደጋ ነው። ሕዝቡ ቄሮ በሚባለው የራሱ ሥርዓት ለ400 ዓመት ገደማ ሲጠብቀው ኖሯል። ያንን ሜዳ በአንድ የኮምፔርሳቶ ገበታ ላይ ማምጣት ነበረብን። ጅብራው አለ፣ የጓሳ ሣሩ አለ፣ ቀይ ቀበሮው አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጭላዳው መንጋ።

ችግር የመጣው ከጭላዳው ነው። እያንዳንዱ ጭላዳ ወደ 4 ሳንቲሜትር ይሆናል። ልጆቹ ጠጉሩን በመርፌ ጫፍ እየጫሩ፣ የወንዱን ጎፈር መስመር በመስመር ቀርጸው አወጡት። ከዚያ በብሩሽ ቀቡት። ቀለሙ ሲደርቅ ያ ሁሉ መስመር ተደፍኖ ቀረ። ቀለሙን አቅጥነን ስንሞክር ደግሞ ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ተጠራቀመ፤ ጫፍ ጫፉ ነጭ ሆኖ ቀረ። በዚህ መሀል አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስልኳን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ይኼን እዩት» አለችኝ። አንድ ሰው እስክሪብቶ በምታህል መርጫ ቀለሙን እንደ ጉም ያርከፈክፈዋል። የተቀረጸው መስመር ሁሉ እንዳለ ይታያል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የለም። ኤርብረሽ ይገዛ!

ገንዘቡ ከወላጅ መምህር ኅብረት ድጋፍና ልጆቹ ትናንሽ ሥራዎቻቸውን ሸጠው ካገኙት ተውጣጣ። አንድ ጊዜ ብቻ ለመግዛት ይበቃል። ተሳስተን ሁለተኛ የምንገዛበት አቅም የለንም። እኔ ደግሞ የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ ሳላሰላ ገንዘብ አይወጣልኝም። ልጆቹ ይህን «የቲቸር ንፍገት» ይሉታል። ይበሉ።

የመጀመሪያው ክርክር ስለ መርጫው ነበር። ሁለት ዓይነት ቃታ አለ። ነጠላው ሲጫኑት አየሩና ቀለሙ አብረው ይወጣሉ፤ የቀለሙ መጠን የሚስተካከለው በብሎን ነው። ድርቡ ግን ወደ ታች ሲጫኑት አየር ብቻ ይሰጣል፤ ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለም ይጨምራል። ግማሹ ክበብ ነጠላው ለጀማሪ ይቀላል አለ። እውነት ነው፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀላል። ነገር ግን ትንሽ ነገር ለመቀባት የቀለሙን መጠን እጅ ሳያቋርጥ መቀየር አለበት፤ በነጠላው ይህ አይሆንም። እኔ ለድርቡ ቆምኩ። ሕጉም አጭር ነው፤ አየር ቀድሞ ይከፈታል፣ አየር መጨረሻ ላይ ይዘጋል። ይህን የያዘ ልጅ ጭላዳው ፊት ላይ የቀለም ጠብታ አይተፋም።

ቀለሙ የሚቀመጥበት ቦታ ብዙም አላከራከረንም። ከላይ ጽዋ ያለው ቀለሙ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ በአነስተኛ ግፊትና በጥቂት ጠብታ ይሠራል። ከሥር ጠርሙስ የሚንጠለጠልበት ደግሞ ቀለሙን መጥጦ ለማውጣት የበለጠ ግፊት ይፈልጋል፤ እሱ ለሰፊ ሥራ ነው። ለእኛ የላይኛው።

መርጫው ውስጥ የቀለሙን ቀዳዳ የሚከፍትና የሚዘጋ መርፌ አለ፤ በእሱ መጠን ላይ ግን ልጆቹ ሁሉ 0.2 ሚሊ ሜትር አሉ። ምክንያታቸው ቀጭኑ ረቂቅ ሥራ ይሠራል የሚል ነው። ይሠራል፤ በሰለጠነ እጅ፣ በደንብ በተፈጨ ቀለም። እኛ ያለን ግን ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የተገዛ አክሬሊክ፣ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ነው። እሱ በ0.2 ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ቶሎ ይደፍነዋል። ደግሞም አንዱን መርጫ ብዙ ልጅ ይጋራዋል፤ ቀጭን መርፌ ደግሞ ጫፉ አንዴ ከተነካ ይጎብጣል። ለመደብ ቀለምና ለብዙ እጅ 0.5 ይሻላል ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ረቂቁን፣ ማለትም ዓይኑንና የጭላዳውን ቀይ ደረት፣ ድሮም በብሩሽ ነው የምንሠራው። ኤርብረሽ ብሩሽን ያስጥላል ብሎ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይቆጥብ።

ስም ካላቸው ሠሪዎች የጃፓኑን ኢዋታን፣ የጀርመኑን ሃርደር ኤንድ ስቲንቤክንና የአሜሪካውን ባጀርን አየን። ስም የሌላቸው እርካሾችም ሞልተዋል፤ አንዳንዶቹ ደህና ይሠራሉ። መርፌ ሲጎብጥ ግን ልኩን ከየት ታመጣለህ? በመጨረሻ የባጀሩ ፓትሪየት 105 ተመረጠ። ድርብ ቃታ፣ ከላይ ጽዋ፣ 0.5 ኖዝል (የቀለሙ መውጫ ቀዳዳ)። አንድ ነገር ልብ በሉ። የባጀር መርጫ የጎማ ማያያዣው ጥርስ ከብዙዎቹ ኮምፕረሰሮች (አየሩን አምቀው የሚልኩት ሞተሮች) ጎማ ጋር አይገጥምም፤ ማገናኛ አብሮ መግዛት ያስፈልጋል። ይህን ያገኘው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ማገናኛውን ሳንይዝ ቢሆን ኖሮ ዕቃው ቁጭ ብሎ ያፈጥብን ነበር።

አሁን ወደ ኮምፕረሰሩ። የእኔ ልብ ያለው እዚህ ነው። መርጫ ይለወጣል፤ ኮምፕረሰሩ ግን ከክበቡ ጋር ዓመታት ይኖራል። ስለዚህ ገንዘብ የሚቆጠበው እዚህ ላይ መሆን የለበትም።

ልጆቹ መጀመሪያ ያመጡት በቻርጅ የሚሠራውን፣ መርጫው ላይ የሚሰካውን ትንሹን ነው። መብራት ሲጠፋም ይሠራል አሉ። ልክ ናቸው። ችግሩ ግን የብዙዎቹ ግፊት አይስተካከልም፣ አየራቸውም እየተቆራረጠ ይመጣል። ለጥፍር ቀለምና ለኬክ ይሆናል። ሌላው ሐሳብ ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚቀቡበት ባለ 25 ሊትር ነበር። አንድ ጋራዥ ሄደን አየነው። አየሩ የትየለሌ ነው። ጩኸቱ ግን በጎን ባለው ክፍል ማስተማር የሚባል ነገር አያስቀርም።

መሀል ላይ ያለው ታንክ ያለው ትንሽ ፒስተን ኮምፕረሰር ነው። ኤ.ኤስ. 186 የሚባለው የቻይና ዓይነት በየቦታው ይገኛል። 3 ሊትር ታንክ፣ የግፊት ማስተካከያ ከነመለኪያው፣ ከአየሩ የሚወጣውን ውሃ መያዣ አለው። ዘይትም አይፈልግም። የታንኩ ግፊት 4 ባር ሲደርስ ራሱ ይቆማል፣ ወደ 3 ሲወርድ ይነሳል። ትንሽ ሞዴል የሚቀባው ከ15 እስከ 25 ፒ.ኤስ.አይ. ባለው ግፊት ስለሆነ፣ ማለትም ከ1 እስከ 1.7 ባር፣ ይበቃናል።

«ታንክ ካለው መብራት ሲጠፋ እንቀጥላለን» አለ አንዱ። ሰሌዳው ላይ ወጥቶ እንዲያሰላ አደረግነው። በ1.5 ባር እንረጫለን እንበል። ታንኩ ከ4 ወደ 1.5 እስኪወርድ ያለው አየር ነው የሚጠቅመን። 3 ሊትር ሲባዛ በ2.5፣ 7.5። ይህን ደብረ ብርሃን ላይ ላለው የአየር ግፊት፣ ለ0.72 ባር ያህል፣ ስናካፍለው 10 ሊትር ከምናምን ነው። መርጫው በደቂቃ 10 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል። በቃ፣ አንድ ደቂቃ። የቦይልን ሕግ፣ ማለትም የአየር ግፊትና ይዘት እንዴት እንደሚተሳሰሩ፣ በፈተና ያልመለሱ ልጆች በዚህ ቀን ገባቸው። ቦይል ሕጉን በ1662 ሲያወጣ ስለ ጭላዳ አላሰበም እንጂ ደስ ይለው ነበር።

ታዲያ ታንኩ ለምን ይጠቅማል? ፒስተን አየሩን እየገፋ ነው የሚልከው፤ ያለ ታንክ ያ ግፊያ መርጫው ድረስ መጥቶ መስመሩን ያንቀጠቅጠዋል። ታንኩ ያረጋጋዋል። ሞተሩም ያርፋል። ማረፉ ለእኛ ከሌላው ሰው ይበልጥ ያስፈልገናል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ወደ 29 በመቶ ስስ ነው። ኮምፕረሰሩ በአንድ ምት የሚስበው ያነሰ አየር ስለሆነ ታንኩን ለመሙላት ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጊዜ ሌላ አንድ ሦስተኛና ከዚያ በላይ ጨምሮ ይቆያል። ስስ አየር ሞተርንም እንደ ልብ አያቀዘቅዝም። ዕቃው የተሠራው በዝቅተኛ ቦታ ታስቦ ነው፤ ደጋ ላይ ያለ ሰው ይህን ቀንሶ ይግዛ።

ለመብራቱስ? አባቱ ሹፌር የሆነ ልጅ ትርፍ ጎማ እናስሞላ አለ። ሳቁበት። ሲሰላ ግን ጎማው 35 ሊትር ያህል አየር ይይዛል፤ ከ2.5 ወደ 1.5 ባር እስኪወርድ አራት ደቂቃ ገደማ ያስረጫል። ከታንካችን ይሻላል! የግፊት ማስተካከያ መሀል ላይ ማስገባት ግን ግድ ነው። ጎማውን እያንከባለሉ ጎሚስታ የሚያመላልስ ፈቃደኛ እስካሁን አልተገኘም።

ዕቃው የመጣው ከዱባይ ነው፤ የአንዲት ተማሪ አክስት አመጡልን። እግዜር ይስጥልን። ከአሜሪካ የሚያመጣ ዘመድም ነበረን። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ሞተሩ ይቃጠል ነበር። የዱባዩ ከእኛው ጋር ይሄዳል። ሶኬቱ ብቻ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስላለው ማስማሚያ ገዛንለት።

ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት በሙሉ ስለ ቀለም ማቅጠን ነው። ቀለሙ እንደ ወተት ይሁን ይባላል። ይህን ስናገር የመንዝ ልጆች የየትኛው ወተት ብለው ጠየቁኝ። ልክ ናቸው፤ እነሱ የሚያውቁት ከላሟ የታለበው ለእኛ መርጫ ይወፍራል። ተከራክረን አሬራ ላይ ተስማማን። ከዚያ ጽዋው ጠርዝ ላይ ጠብ አድርጎ፣ ሲወርድ ስስ ፊልም ትቶ ከሄደ ደርሷል።

የበጋው ደረቅ አየር ሌላ ጣጣ አለው። መርፌው ጫፍ ላይ ቀለሙ ደርቆ ይቀራል። መፍትሔው መድረቁን የሚያዘገይ ጠብታ መጨመርና በየጥቂት ደቂቃው ጫፉን በእርጥብ ጥጥ መንካት ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ ብርዱ አክሬሊኩን በደንብ እንዳይይዝ ስለሚያደርግ የምንቀባው ከሰዓት ብቻ ነበር። ዝናብ ሲጀምር ሁኔታው ተገለበጠ። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፣ ታንክ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ይተፋል። ውሃ መያዣውን አልፎ የመጣ አንድ ጠብታ አንድ ሙሉ ቀበሮ አበላሸብን። አሁን ሥራ ሲያልቅ ከታንኩ ሥር ያለው ብሎን ይከፈታል፣ ውሃው ይፈሳል። ተራው ጠረጴዛ ላይ ተለጥፏል።

መርጫውም በየቀኑ ይፈታል። መርፌው ወደ ፊት ወይስ ወደ ኋላ ይወጣ በሚለው ላይ የተለያየ ልምድ አለ፤ እኛ ቀለም ወደ ኋላ እንዳይጎተት ወደ ፊት እናወጣለን። አንዱ መርፌ ወለል ላይ ወድቆ ጫፉ ጎብጧል። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እያዞሩ አቃኑት፤ ለመደብ ቀለም ይሠራል።

ስለ ጤና ሳልናገር ባልፍ ወላጆች ይቆጡኛል። ቀለሙ በውሃ ቢቀጥንም ጉሙ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም። የቀዶ ጥገናው ዓይነት ስስ ማስክ በጎን ስለሚያስገባ አይበቃም፤ ፊት ላይ ገጥሞ የሚይዘው N95 ዓይነት ነው የምንጠቀመው። በመስኮት በኩል እንረጫለን። የዘይት ቀለምና ቲነር በክበቡ ውስጥ አይረጭም።

ጓሳውም በሰኔ ተጠናቀቀ። ጭላዳዎቹን መጀመሪያ ጥቁር ረጨናቸው። ከዚያ ቡናማ። ከዚያ ፈዛዛውን ከላይ ብቻ፣ ፀሐይ ከምትመጣበት በኩል። ጎድጎዱ ጥላ ሆኖ ቀረ፣ ጎፈሩ ወጣ። መስመሩ ሁሉ አለ። ቀዩን ደረት በብሩሽ ያስቀመጠችው ያችው ስልኳን ይዛ የመጣችው ልጅ ናት። ገበታው ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ላይ ነው፤ ሂዱና እዩት። አትንኩት ግን።

ለሚቀጥለው ዓመት ትርፍ መርፌና ቀለሙን ወደ ውጭ የሚስብ ሳጥን እንፈልጋለን። ሳጥኑን ራሳችን እንሠራዋለን፤ የጎደለን ፋኑ ነው። ቤቱ ከማድ ቤት የወለቀ የጭስ ማውጫ ፋን ያለው ወላጅ ካለ ይላክልን፣ 220 ቮልት ይሁን ብቻ። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው። አዲስ አባል ቀለም ከመንካቱ በፊት መርጫውን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ምንም ብሎን ሳይተርፈው መግጠም አለበት።