ጤና አዳሟን አትጣያት

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣

ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን መክረማችን ያሳዝነኛል፤ ግን ማን ቀድሞ ዝም አለ እያልኩ ወደ ኋላ መቁጠር አልፈልግም። ባለፈው እሑድ አክስትሽን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አገኘኋትና ስላንቺ ጠየቅኳት። የሚኒያፖሊስ ብርድ እንደጸናብሽ፣ ሥራም እንደቀየርሽ ነገረችኝ። ቀጥላም «ቤት ውስጥ ያሉት ተክሎቿ አፈራቸው ተባይ አፈላ፣ ትንኝም ቤቱን ሞላው፣ ጤና አዳሙን ሳይቀር ከነመትከያው ልትጥለው ነው» አለችኝ። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እባክሽ አትጣያት። የበረሮ መግደያም እንዳትረጪባት። ቅጠሏን ከቡናሽ ጋር የምትጠጪው አንቺ ነሽ፤ ለበረሮ የተሠራ መርዝ ለሚጠጣ ቅጠል አይሆንም።

ሳንገናኝ በቆየንበት ጊዜ ሥራዬ ይኸው ሆኗል፤ ሆለታ አበባ እርሻ ውስጥ ስካውት፣ ማለትም ተባይ አሳሽ ነኝ። አጉሊ መነጽር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በግሪንሃውሱ መስመሮች መካከል እዞራለሁ፤ ቅጠል እገለብጣለሁ፣ ቢጫ ወጥመድ ላይ የተጣበቀውን እቆጥራለሁ፣ ያየሁትን መዝግቤ ለርጭት ክፍሉ አቀርባለሁ። ተባዩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ርጭት አይታዘዝም። አንቺም ከዚያው ጀምሪ፤ አፈርሽ ውስጥ የሚኖረው ማን እንደሆነ መጀመሪያ እዪ። አብዛኛው ምንም የማያደርግሽ ነው።

ተክሉን ውኃ ስታጠጪው ከላይ ነጫጭ ወይም ግራጫ ነገሮች ብቅ ብለው እየተፈናጠሩ ከሆነ፣ መጠናቸውም ከጤፍ ፍሬ ብዙም ካልበለጠ፣ እነሱ ስፕሪንግቴይል የሚባሉት ናቸው። ክንፍ የላቸውም። ከሆዳቸው በታች ታጥፎ የሚቀመጥ ጅራት መሰል ነገር አላቸው፤ ሲለቁት አስፈንጥሮ ይወረውራቸዋል። የሚበሉት ሻጋታና የበሰበሰ ቅጠል ነው፣ ተክሉን አይነኩትም። እርጥበት መብዛቱን ይናገራሉ እንጂ በሽታ አይደሉም። ክብ፣ ቡናማ፣ ቀስ ብለው የሚሄዱ ጥቃቅን ነገሮች ካየሽ ደግሞ የአፈር ማይት ናቸው፤ እነሱም የበሰበሰውን ያደቃሉ። ቅጠል ላይ ድር እየሠራ ጽጌረዳችንን ከሚያደርቀው ቀይ ማይት ጋር አታምታቻቸው፤ ያኛው ቅጠል ላይ እንጂ አፈር ውስጥ አይኖርም።

የአክስትሽን አነጋገር ስሰማ ግን ያንቺው የፈንገስ ትንኝ ይመስለኛል። ጥቁር ናት፣ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፣ እግሯና አንቴናዋ ረዘም ይላል። በደንብ መብረር አትችልም፤ መትከያውን ስታንቀሳቅሺው ተነስታ ትንሽ ዞር ዞር ትልና ተመልሳ አፈሩ ላይ ታርፋለች። ሙዝ ላይ የምትሰፍረው የፍራፍሬ ዝንብ ቡናማ ናት፣ ብዙውን ጊዜም ዓይኗ ቀይ ነው፤ እሷ የምትፈልገው የበሰለ ፍሬና ኮምጣጤ እንጂ አፈር አይደለም። የፈንገስ ትንኝ አትናከስም። ሰው ላይም በሽታ አታመጣም።

ሥራው ያለው ታች ነው። እናቲቱ በአንድ ሳምንት ገደማ ዕድሜዋ ውስጥ ከመቶ በላይ እንቁላል እርጥብ አፈር ላይ ልትጥል ትችላለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል መሰል እጭ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ገላና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ራስ አለው፤ አክስትሽ ተባይ ያለችው እሱን ሊሆን ይችላል። ሻጋታና ብስባሽ ይበላል፣ ሲበዛ ግን የሥሩን ቀጫጭን ጸጉሮችም ይበላል። ገና የበቀለ ችግኝና ሥር ያላወጣ ቁራጭ በዚህ ይሞታል፤ የጠና ተክል ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋመዋል። ያንቺዋ ጤና አዳም ግንዷ እንጨት ከሆነ አትፍሪላት። ቤቱ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከሆነ ከእንቁላል እስከ ክንፋም ትንኝ ያለው ጉዞ ሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ይህን ቁጥር ያዢው፤ ሰዎች አንድ ሳምንት ታግለው የሚታክታቸው ይህን ስለማያውቁ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ድንች ቁረጪ። እዚህ የሆለታ ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን እነ ጉደኔ የሚባሉ የድንች ዝርያዎችን እንጠቀማለን፤ አንቺ ከሱቅ የገዛሽው ማንኛውም ይሆንሻል። ቁራጩን በተቆረጠው ጎኑ አፈሩ ላይ ተጫን አድርገሽ አስቀምጪና ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ገልብጠሽ እዪው። እጩ ካለ ድንቹ ሥር ተሰብስቦ ታገኝዋለሽ። ያንን ድንች በላስቲክ ቋጥረሽ ጣዪው፣ ሌላ ተኪ።

ከዚያ በኋላ ዋናው መድኃኒት ውኃ መቀነስ ነው። ክረምታችሁ ቀኑ አጭር ስለሆነ ተክሉ እድገቱን ያቆማል፣ ብዙም አይጠጣም፤ እኛ ግን በበጋው ልማድ ማጠጣታችንን እንቀጥላለን። እንቁላሉም እጩም የሚኖረው ከላይ ባሉት ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ውስጥ ነው፤ ይህ ክፍል ሲደርቅ እንቁላሉ አይፈለፈልም፣ እጩም ይሞታል። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቢና ደረቅ ሆኖ ካላገኘሽው አታጠጪ። ስታጠጪም መትከያውን ውኃ ባለበት ሳህን ላይ አስቀምጪውና ከታች ይጠጣ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ የተረፈውን ድፊው። ጤና አዳም ደረቅ አፈርና ፀሐይ የምትወድ ስለሆነች ይህ አይጎዳትም፣ እንዲያውም ትድናለች። በሶብላ ካለሽ ግን እሱ ጥም ስለማይችል ከሌሎቹ ለይተሽ ያዢው።

የቡና አተላ መትከያው ላይ የምትደፊ ከሆነ አቁሚ። እናቶቻችን ጓሮ ሲደፉት ምድሩ ሰፊ ነው፣ ፀሐዩም ወዲያው ያደርቀዋል። ቤት ውስጥ ባለ ትንሽ መትከያ ላይ ግን አተላው እርጥበት ይዞ ይሻግታል፣ ሻጋታው ደግሞ የእጩ ምግብ ነው። የሻይ ቅጠሉም እንደዚያው።

ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት ገዝተሽ ከአፈሩ ከፍ ሳታደርጊ ጋደም አድርገሽ አስቀምጪ፤ ከአፈር የምትወጣዋን ትይዝልሻለች። ወረቀቱ ብቻውን አያጠፋቸውም፣ እየቀነሱ መሆኑን ግን በየሳምንቱ ቆጥረሽ ታውቂበታለሽ። ለእጩ የሚሆነው ቢቲአይ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በእስራኤል ነጌቭ በረሃ የቢንቢ እጮች ከሚረግፉበት ኩሬ የተገኘ ነው። እጩ ሲበላው በውስጡ ያለው ፕሮቲን አንጀቱን ይበጣጥሰዋል፤ ሰውንና ተክልን አይነካም። እናንተ ጋ ሞስኪቶ ቢትስ በሚል ስም በጥራጥሬ መልክ ይሸጣል። ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው፣ አጥልይው፣ ማጠጣት ባለብሽ ቀን በዚያ ውኃ አጠጪ። እንቁላሉንም ክንፋሙንም አይገድልም፤ ስለዚህ ከአንድ ወር በላይ ሳታቋርጪ ቀጥይ። መለያው ላይ የተጻፈውን መጠን ጠብቂ።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። ተክሉ ያለምክንያት እየጠወለገ፣ እየቀጨጨ ከሆነና ምንም የሚበር ነገር ካላየሽ፣ ከመትከያው በቀስታ አውጥተሽ ሥሩን እዪ። ሥሩ ላይና በመትከያው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ የሥር ሚሊባግ ነው፤ ሥሩን እየመጠጠ ነው የሚኖረው። ያ ሲሆን ውኃ መቀነስ አያድንም። አፈሩን በሙሉ ጣዪ፣ ሥሩን በለብ ያለ ውኃ እጠቢ፣ መትከያውን በሳሙና ፈትገሽ አዲስ አፈር ውስጥ ትከዪውና ከሌሎቹ አርቀሽ አቆዪው። ጤና አዳሟን ስትነካኪ ጓንት አድርጊ፤ ጭማቂዋ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ ያስቋጥራል።

አሁን የምለምንሽ ድንቹን ዛሬ ማታ እንድታስቀምጪ ነው። ስትገለብጪው ከሥሩ ያለውን በስልክሽ ቀርበሽ አንሺና ላኪልኝ፤ የቅጠሏንም ፎቶ ጨምሪ። አጉሊ መነጽሬ ሥራ ላይ ነው፣ ያየሁትን በዚያው ቀን እጽፍልሻለሁ። ስለ አዲሱ ሥራሽና ስለ ልጆቹም ሳታሳጥሪ ጻፊልኝ፤ ትልቁ አማርኛ ማንበብ ጀመረ ወይ?

የምትናፍቅሽ እህትሽ፣
ከሆለታ