የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ዝግጁ ምስሎችን መርጦ መጠቀም

የኮምፒውተር ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን ያተኮረው በተለምዶ ክሊፕ አርት በሚባሉትና በጽሑፍ ሰነዶችና በፕሮጀክት ሥራዎች ውስጥ በሚገቡት ዝግጁ ዲጂታል ምስሎች ላይ ነው። ይህ ርእስ የተመረጠው የተማሪዎች ሥራዎች በምስል የተሞሉ ቢሆኑም እያንዳንዱ ምስል ከየት እንደተገኘና ለምን እንደገባ ሲጠየቅ የሚመልስ ተማሪ ጥቂት በመሆኑ ነው።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በአብዛኛው ያለፈው በምስል ዓይነቶች ልዩነት ላይ ነበር። አባላቱ አንድን ቀስት በሁለት መንገድ፣ ማለትም በፒክስል (በጥቃቅን የቀለም ነጥቦች) እና በቬክተር፣ አዘጋጅተው ወደ ፖስተር መጠን ሲያሳድጉት የፒክስሉ ጠርዝ ደረጃ እየሠራ ሲበላሽ፣ መስመሮቹ በሒሳብ ቀመር የተቀመጡት ቬክተር ግን ጥራቱን እንደጠበቀ ቆየ። ለኅትመት የተለመደው መለኪያ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ስለሆነ፣ 600 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል በጥራት የሚታተመው እስከ 2 ኢንች፣ ማለትም እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን አባላቱ ራሳቸው አሰሉ። ስሌቱን እጅግ የወደዱት የሒሳብ ትምህርት መሆኑን ስለዘነጉት ይመስለኛል። ጄፔግ የተባለው የምስል ፋይል ዓይነት ለፎቶግራፍ እንደሚስማማ፣ ፒኤንጂ የተባለው ደግሞ ጀርባው ባዶ መሆን ስለሚችል ባለቀለም ገጽ ላይ ነጭ ሳጥን እንደማይተው ያዩትም በዚሁ ወቅት ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ብዙ ያከራከረን የፈቃድ ጉዳይ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የኦፊስን የክሊፕ አርት ስብስብ ዘግቶ ተጠቃሚውን ወደ ቢንግ የምስል ፍለጋ ከመራ ወዲህ፣ የሚገኘውን ምስል ፈቃድ የማጣራቱ ኃላፊነት በተጠቃሚው ላይ ወድቋል። በኢንተርኔት መገኘቱ ብቻ አንድን ምስል ለሁሉም የተፈቀደ አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጡት፣ ሠሪዎች ሥራቸውን ሌሎች እንዲጠቀሙበት የሚፈቅዱባቸው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች እንኳ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፦ የሠሪውን ስም መጥቀስ ብቻ የሚጠይቁ፣ ለንግድ መጠቀምን የሚከለክሉና ምስሉን ለውጦ ማሰራጨትን የማይፈቅዱ አሉ። «ሌላ ሥዕል ቀላቅለንበት ብንለጥፈውስ?» የሚለው የአንድ አባል ጥያቄ የመጨረሻውን ዓይነት ፈቃድ ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ግልጽ አደረገው። ዊኪሚዲያ ኮመንስ የተባለው የምስሎች ድረ ገጽ ለንግድ መጠቀምን ወይም መለወጥን የሚከለክል ፈቃድ ያላቸውን ምስሎች ስለማይቀበል፣ ፍለጋችንን ከዚያ መጀመርን ልማድ አደረግን፤ የሠሪውን ስም መጥቀስ ግን እዚያም ቢሆን ብዙ ጊዜ ግዴታ ነው።

የዓመቱ ዋና ውጤት ለሁሉም ክበባት የሚያገለግል የምስል ማኅደር ነው። ለእያንዳንዱ ምስል ርእሱ፣ ሠሪው፣ የተገኘበት አድራሻና የፈቃዱ ዓይነት በመዝገብ ሰፍሯል፤ ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች በስክሪን አንባቢ ፕሮግራም የሚነበብ አጭር መግለጫም ተጨምሮበታል። ማኅደሩ የተፈተነው በሳይንስ ክበብ ጋዜጣ ላይ ሲሆን፣ አባላቱ ገጹን ያጨናነቁትን አበቦችና ፈገግተኛ ፊቶች አውጥተው የልብን ክፍሎች የሚያሳየውን ሥዕል ብቻ በማስቀረታቸው ገጹ ለንባብ ቀለለ። ውሳኔው ሁሉንም አላስደሰተም፤ እኔ ግን ትክክል ነበር እላለሁ።

ምንጫቸው ያልተረጋገጠ ምስሎች ለብቻቸው ተለይተው ተቀምጠዋል። የሚመጣው ዓመት አባላት የእያንዳንዱን ፈቃድ አጣርተው ወይ ይመዘግቧቸዋል፣ ወይ በምትካቸው ኢንክስኬፕ በተባለው የቬክተር መሣያ ፕሮግራም የራሳቸውን ይሥላሉ።