የአደጋ መከላከያን ያለ ፊርማ ማቋረጥ ይቁም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በፋብሪካ ውስጥ ስለሚደርሱ ፍንዳታዎችና የኬሚካል አደጋዎች የሚወጡ ዜናዎች አብዛኛውን ጊዜ «የአደጋው መንስኤ በመጣራት ላይ ነው» በሚል ዓረፍተ ነገር ይዘጋሉ። ማጣራቱ ምን ላይ እንደ ደረሰ ግን ተመልሶ የሚነግረን የለም፤ ጋዜጣችሁም ቢሆን ተመልሶ ሲጠይቅ እምብዛም አላየሁም። በቦይለርና በኮምፕረሰር ጥገና ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ የቆየሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ውጤቱ ቢነገረን ኖሮ ብዙውን ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር መገመት አይቸግረኝም። መከላከያው ነበር፤ አደጋው በደረሰበት ሰዓት ግን አይሠራም ነበር፤ እንዳይሠራ ያደረገውም ሰው ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚሁ አንድ ጉዳይ ነው።

በእንፋሎት ቦይለር ላይ፣ ውሃው ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ማቃጠያውን በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ አለ። ማቃጠያው በጊዜው ካልጠፋ፣ እሳት የሚያገኛቸው ቱቦዎች የሚያቀዘቅዛቸው ውሃ አጥተው ይግላሉ፤ ብረቱም ይለሰልሳል። በዚህ መሀል የደነገጠ ኦፕሬተር ፓምፑን አስነስቶ ቀዝቃዛ ውሃ ቢለቅበት ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ቦይለሩን ሊያፈነዳው ይችላል። አንድ ሊትር ውሃ በተራ የአየር ግፊት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። በ10 ባር ግፊት (ከተራው የአየር ግፊት አሥር እጥፍ ገደማ) ሥር ያለ ውሃ ደግሞ ሙቀቱ ወደ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ውሃ በብዙ ሺህ ሊትር የያዘ ቦይለር ሲቀደድ ግድግዳና ጣሪያ ይዞ ቢሄድ አያስገርምም።

በአንድ ወቅት በሠራሁበት ፋብሪካ ይህ መሣሪያ ጨዋማው ውሃ በሚጥለው ቅርፊት እየተሸፈነ፣ ውሃው ሳይጎድል ማቃጠያውን ያጠፋ ነበር። በሌሊት ሺፍት እንፋሎት ሲቋረጥ የማቅለሚያ ክፍሉ ጨርቅ ይዥጎረጎራል፤ ጠዋት ላይም ተጠያቂ ይፈለጋል። ትክክለኛው መፍትሔ መሣሪያውን ከፍቶ ማጽዳትና የውሃ ማጣሪያውን መጠገን ነበር። የተደረገው ግን መሣሪያው ማቃጠያውን እንዳያጠፋ በኤሌክትሪክ ፓኔሉ ውስጥ ሁለት መግጠሚያዎችን በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ማገናኘት ነው። «ለጊዜው ነው» ተባለና የፓኔሉ በር ተዘጋ። ተረካቢው ሺፍት ስለ ሽቦዋ አልተነገረውም፤ መዝገብ ላይም አልሰፈረችም። ማቃጠያው መጥፋቱን ስላቆመ ሁሉም ሰው ችግሩ የተፈታ መሰለው፤ ሽቦዋ የተገኘችውም ከወራት በኋላ ፓኔሉ ለሌላ ብልሽት ሲከፈት ነው። ግፊት ሲበዛ ተከፍቶ እንፋሎት የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭም «እንፋሎት ያባክናል» እየተባለ እንዳይከፈት ስፕሪንጉ እንደሚጠብቅ በዚህ ሙያ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

በኬሚካልም በኩል የሚሆነው ከዚህ አይለይም። ሞጆን በመሳሰሉ ከተሞች በሚገኙት የቆዳ ፋብሪካዎች ፀጉሩን ከቆዳው ለማስለቀቅ ሶዲየም ሰልፋይድ ይገባል፤ በኋለኛው ደረጃ ላይ ደግሞ ሰልፈሪክ አሲድ ይገባል። የሁለቱ ፍሳሽ በየራሱ ቦይ እንዲወጣ የሚደረገው ለወንዙ ሲባል ብቻ አይደለም። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከተገናኙ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ይፈጠራል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። በጥቂቱ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ወደ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል መቶው) ሲጠጋ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ በዚህም የተነሣ ሽታው የጠፋለት ሰው ጋዙ ያለቀ ይመስለዋል። ጉድጓድ ሊያጸዳ ገብቶ የወደቀ ሠራተኛን ለማውጣት ባልደረባው ዘልሎ ይገባል፤ እሱም እዚያው ይቀራል። የአንደኛው ቦይ ቱቦ ሲሰበር «እስኪጠገን በወዲያኛው ይውጣ» ብሎ መወሰን እንግዲህ ከፓኔሉ ሽቦ ጋር አንድ ነው። (አሲድ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ መስኮት ላይ የማስቀመጥን ልማድ እዚህ አላነሣውም፤ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።)

በታሪክ ከፍተኛ የሚባለው የኬሚካል አደጋም የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው። ኅዳር 1977 ዓ.ም. በሕንድ ቦፓል ከተማ በሚገኝ የፀረ ተባይ ፋብሪካ ውስጥ ውሃ ሜቲል አይሶሳያኔት የተባለ መርዛማ ኬሚካል ወደ ያዘ ታንክ ገብቶ ወደ 40 ቶን የሚጠጋ መርዛማ ጋዝ በሌሊት በተኛ ሕዝብ ላይ ተለቀቀ፤ መጀመሪያ በመንግሥት በተመዘገበው ብቻ ከ2,200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ፋብሪካው መከላከያ አልጎደለውም ነበር። ነገር ግን ታንኩን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ከወራት በፊት ቆሟል፤ ጋዙን አጥቦ መርዙን የሚያመክነው ማማ ሥራ ላይ አልነበረም፤ የሚያመልጠውን ጋዝ የሚያቃጥለው ማማ ደግሞ የዛገ ቱቦው እስኪቀየር ተነጥሎ ተቀምጦ ነበር። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ሰበብ ነበረው፤ ሦስቱን አንድ ላይ አድርጎ «ዛሬ ሌሊት ምን ቀረን?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። በአፍሪካም መጋቢት 1984 ዓ.ም. ዳካር ውስጥ በአንድ የለውዝ ዘይት ፋብሪካ 22 ቶን ገደማ አሞኒያ የያዘ ታንክ ፈንድቶ 129 ሰዎች ሞተዋል፤ ከ1,000 በላይ ደግሞ ተጎድተዋል። ታንኩ ቀደም ሲል አፍስሶ የተጠገነና ከመጠኑ በላይ የተሞላ ነበር።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ቦታውን ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስተምርና የደረሰ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ሠራተኛው ደግሞ የደኅንነት መሣሪያን እንዳይነካ ወይም እንዳያነሣ ይከለክላል። ችግሩ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ሽቦዋን በእጁ የሚያስገባው ኤሌክትሪሺያኑ ነው፤ ትእዛዙ ግን ከላይ በቃል ይመጣል፤ የቃል ትእዛዝ ደግሞ አደጋ ከደረሰ በኋላ ባለቤት የለውም። ስለዚህ «የሠራተኛ ጥንቃቄ ጉድለት» የሚለው ድምዳሜ ለመጻፍ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ሐሰት ነው።

የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች የሚያቀርቡትን ምላሽ አውቀዋለሁ፤ ከፊሉም እውነት ነው። ሴፍቲ ቫልቩም ሆነ የጋዝ መለኪያው ከውጭ ይመጣል፤ የውጭ ምንዛሪ ወረፋው ወራት ይፈጃል፤ ፋብሪካው እስከዚያ ቢቆም የመቶዎች ደመወዝ ይቆማል። ይህን የሚል ሰው ሁሉ ስግብግብ ነው አልልም። ነገር ግን መከላከያው በተበላሸበት ጊዜ ምንም እንዳልተለወጠ አድርጎ በሙሉ ግፊትና በሙሉ አቅም መሥራትና ማቆም ብቻ አይደሉም ያሉት ምርጫዎች። የቦይለሩን ግፊት መቀነስ ይቻላል፤ የውሃ ማሳያ መስታወቱን ከማየት በቀር ሌላ ሥራ የማይሰጠው ሰው በየሺፍቱ መመደብ ይቻላል፤ በሁለት ቦይለር ሲሠራ የነበረውን በደህናው በአንዱ መሥራት ይቻላል። የጋዝ መለኪያ የሌለው ፋብሪካ ግን ሰው ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት የለበትም፤ በዚህ ላይ ድርድር አይታየኝም።

የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በግፊት የሚሠራ ዕቃ ወይም አደገኛ ኬሚካል ያለው ማንኛውም ፋብሪካ፣ ለጊዜው የሚቋረጡ መከላከያዎች የሚመዘገቡበት አንድ ደብተር በግዴታ ይኑረው። በደብተሩ ላይ የትኛው መሣሪያ እንደተቋረጠ፣ ለምን እንደተቋረጠ፣ በምትኩ ምን ጥንቃቄ እንደተደረገ፣ በስንት ቀንና ሰዓት እንደሚመለስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማን እንደፈቀደ በስምና በፊርማ ይስፈር። ቀኑ ያለፈበት ፈቃድ በራሱ ሥራ ማቆሚያ ይሁን። ሺፍት ሲቀያየር ተረካቢው አንብቦ ይፈርም። ከልምዴ እንደማውቀው፣ «አድርገው» ብሎ በቃል የሚያዝ አለቃ ብዕር ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ ያስባል።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችም ወደ ፋብሪካ ሲሄዱ ሄልሜትና ጓንት ብቻ ከመቁጠር ይህን ደብተር ከቦይለሩና ከሴፍቲ ቫልቩ የመጨረሻ ፍተሻ ማስረጃ ጋር አስቀርበው፣ ከፓኔሉ ጋር እያስተያዩ ሊያነቡት ይገባል። ቦይለርን በሕግ ማስመርመር አዲስ ነገር አይደለም፤ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት አንድ የጫማ ፋብሪካ ቦይለር በ1905 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፈንድቶ 58 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የቦይለር ሕግ ወጥቷል።

በመጨረሻም፣ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155፣ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው የሚያሰጋ ከባድ አደጋ መቅረቡን በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው ዞር ያለ ሠራተኛ ያላግባብ እንዳይጎዳ ጥበቃ ይሰጠዋል። ይህ ድንጋጌ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና ሠራተኛው በሚያነበው ሌላ ቋንቋ በየቦይለር ክፍሉና በየኬሚካል መጋዘኑ በር ላይ ቢለጠፍ፣ ከሥሩም በሌሊት የሚደወልለት ኃላፊ ስልክ ቢጻፍ፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በአንድ ሰርኩላር ሊያስፈጽሙት የሚችሉት ሥራ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጥገና ባለሙያ፣ ከአዳማ