ቁርስ ዝለሉ የሚለው ምክር ለሁሉም አይሆንም

ሰላም ለአዘጋጁ፣ ባለፈው የጤና አምዳችሁ ላይ ስለ ውፍረት የወጣውን አነበብኩት፣ ስለ ስኳርና ዘይት የተባለው አሪፍ ነው ምንም አልልም፣ ግን መጨረሻ ላይ ከመጠን በላይ የሚበላ ሰው ራሱን መግዛት ያቃተው ነው፣ ቁርስ እየዘለለ ይልመድ ብሎ መዝጋቱ በጣም ነው ያናደደኝ።

እህቴን ላውራችሁ፣ ፈቅዳልኛለች። ቀን ከሰው ጋር ማዕድ ስትቀርብ ብታዩዋት በሞቴ ብይ እንጂ ነው የምትሏት። ማታ ግን ከአለቃዋ ጋር ተጋጭታ የገባች ቀን ወይ እማዬ ስለ ትዳር ስትነዘንዛት ካመሸች፣ ሰው ሲተኛ ኩሽና ትገባና መብራት ሳታበራ ቆማ የተረፈውን እንጀራ በቀዝቃዛ ሽሮ፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ለልጆች የተገዛውን ብስኩት ሳይቀር ትጨርሰዋለች፣ እየጣማት እንዳይመስላችሁ፣ ሆዷን እያመማትም እጇ አይቆምም። ጠዋት ታፍራለች፣ ለማካካስ ቁርስም ምሳም ትተዋለች፣ ማታ ያው ነው።

ይሄ አበላል በእንግሊዝኛ ቢንጅ ኢቲንግ ዲስኦርደር ይባላል፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሳይካትሪ (የአእምሮ ህክምና) ማህበር መመሪያ ላይ ራሱን የቻለ ህመም ሆኖ ገብቷል፣ በሳምንት ቢያንስ አንዴ ለ3 ወር ከቀጠለ ማለት ነው፣ መለያውም የምግቡ ብዛት ብቻ ሳይሆን ማቆም አለመቻሉ ነው። ከግብታዊነት (ሳያስቡ ቶሎ ከማድረግ) ጋር እንደሚያያዝም በደንብ ተጠንቷል፣ ግን ግብታዊነት አንድ አይነት አይደለም፣ እቅድ የማያውቅ አለ፣ አዲስ ነገር ካልሞከርኩ የሚል አለ፣ ሲከፋው ወይ ሲናደድ ሳያስብ የሚያደርግ አለ፣ ከዚህ አበላል ጋር አብሮ ጎልቶ የሚገኘው ይሄ የመጨረሻው ነው። እህቴ እኮ የእቁብ ሰብሳቢ ናት! የሰው ብር ይዛ አንድ ሳንቲም ጎድሎባት አያውቅም፣ እሷን ነው ራሷን መግዛት አትችልም የምትሉት?

አሜሪካ በ2015 እ.ኤ.አ. ለዚህ ህመም የፈቀደችው ሊስዴክስአምፌታሚን የሚባለው መድሃኒት ራሱ ቀድሞ የኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረት ማጣትና ግብታዊነት የሚታይበት ችግር መድሃኒት ነበር። (ክብደት መቀነሻ አይደለም፣ ሱስም ሊያሲዝ ይችላል፣ ማንም ከጎረቤት ተቀብሎ እንዳይውጥ።)

ቁርስ መዝለሉ ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተጀመረው የሚኒሶታ የረሃብ ጥናት 36 ጤነኛ ወንዶች ለ6 ወር ያህል ከሚበሉት ግማሹን እየበሉ ቆዩ፣ በኋላ እንደልባችሁ ሲባሉ አንዳንዶቹ ጠግበውም ማቆም አቃታቸው፣ እነሱ በፊት እንዲህ አይነት ችግር የነበረባቸው ሰዎች አይደሉም። ለዛ ነው በንግግር ህክምናው መጀመሪያ ከሚሰጡት ስራዎች አንዱ ሰዓት ጠብቆ መብላት የሆነው፣ 3 ማዕድ፣ መሃል ላይ ትንሽ መክሰስ፣ በአንዱና በሌላው መሃል ከ4 ሰዓት በላይ ሳይበሉ አለመቆየት። ስለ ጾም እያወራሁ አይደለም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ክብደት ለመቀነስ ብሎ ራስን ማስራብን ነው የምለው።

እህቴ አሁን ጠዋት እንቁላል በዳቦ ትበላለች፣ ስትናደድ ደግሞ ቤት ከመግባቷ በፊት ትደውልልኛለች፣ የማታው ቀንሷል፣ አልጠፋም። በሚቀጥለው እትም አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቃችሁ ብታወጡ፣ የቁርሷንም ነገር ብታርሙልን።