መርፌውን ከመወጋትህ በፊት

ይድረስ ለወንድሜ ለዳኜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ? ትንሿስ አደገች? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ ሰበብ የለውም፤ ይቅር በለኝ። ስንገናኝ የፈለግከውን ያህል ትወቅሰኛለህ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ወንድምህ ገዝተህ ልትወጋው ስላሰብከው የቴስቶስትሮን፣ የወንድ ሆርሞን፣ መርፌ ነገረኝ። አትቆጣው፤ ስላሰበልህ ነው።

በክትባቱ ቀን በመስኮት ዘሎ የጠፋው ዳኜ በየሳምንቱ ራሱን ሊወጋ ነው ቢሉኝ ማን ያምናል! እዚህ ያደረሰህ ነገር ግን ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። ድካሙ፣ የስሜትህ መቀዝቀዝ፣ ከባለቤትህም ጋር... ይህን ለሰው ማውራት ይከብዳል፤ እኔም ቃል እየመረጥኩ ነው የምጽፍልህ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ፈራሁልህ። ሁለተኛ ልጅ እየፈለጋችሁ ከሆነ ያን መርፌ አትንካው። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ቆለጥ ትልካለች። በኤልኤች ትእዛዝ ቴስቶስትሮን ይመረታል፤ ኤፍኤስኤች ደግሞ እዚያው ከተመረተው ቴስቶስትሮን ጋር ሆኖ ስፐርም እንዲሠራ ያደርጋል። ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ ዕጢዋ በቂ አለ ብላ ሁለቱንም ትተዋለች። ያኔ የደምህ ቁጥር ያምራል፣ ቆለጥ ውስጥ ያለው ግን ይወድቃል። ስፐርሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ዜሮ ሊገባ ይችላል፣ ቆለጡም መጠኑ ይቀንሳል። ቴስቶስትሮን ለወንዶች የወሊድ መከላከያነት የተሞከረው በዚሁ ባሕርዩ ነው! ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ስድስት ወርም፣ ዓመትም፣ ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ይህን መርፌውን የሚሸጥልህ ሰው አይነግርህም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነና ንጹሕ ስለመሆኑም ማረጋገጫ የለህም።

ደግሞስ በእርግጥ አንሶሃል ወይ? የተለካኸው አንዴ፣ ያውም ከሥራ በኋላ ነው አሉኝ። በዚያ ላይ ተመርኩዞ ማንም ሕክምና መጀመር የለበትም። ቴስቶስትሮን ጠዋት ከፍ ብሎ ወደ ማታ ይወርዳል፤ ምግብ ከተበላም ይቀንሳል። ስለዚህ ሳትበላ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ደም ትሰጣለህ። ዝቅ ካለ በሌላ ቀን በዚያው ሁኔታ ይደገማል። ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ላይ ሆነህ አትለካ፣ ለጊዜው ያወርደዋልና። ለፀጉርና ለጥፍር እየተባለ የሚወሰደው ባዮቲንም አንዳንዱን መመርመሪያ ስለሚያሳስት ቀደም ብለህ አቁመው። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ሐኪሞች መስመሩን 300 ናኖግራም በዴሲሊትር ላይ ያሰምራሉ። በአውሮፓ ከ8 ናኖሞል በሊትር በታች በግልጽ ያነሰ ነው፤ ከ12 በላይ ከሆነ ግን ጥፋቱ የቴስቶስትሮን ላይሆን ይችላል። መሐል ላይ ከወደቀ ቴስቶስትሮንን በደም ውስጥ ይዞ የሚዞረው ፕሮቲን፣ ኤስኤችቢጂ፣ ይለካና ከፕሮቲን ጋር ያልተያያዘው፣ ነፃው ቴስቶስትሮን ይሰላል። ውፍረትና ስኳር ይህን ፕሮቲን ዝቅ ስለሚያደርጉት ጠቅላላው ቁጥር ከእውነታው የከፋ መስሎ ይታያል።

ቁጥር ብቻውን ደግሞ በሽታ አይደለም። ድካምና የስሜት መውረድ ከእንቅልፍ እጦት፣ ከድብርት፣ ከደም ማነስ፣ ከታይሮይድም ይመጣል። ወደ ቴስቶስትሮን ይበልጥ የሚጠቁሙት የፍላጎት መጥፋት፣ የብልት በደንብ አለመቆምና... እንዴት ብዬ ልጠይቅህ፣ ጠዋት ስትነቃ እንደ ድሮው ነው? ለእኔ መመለስ የለብህም፤ ለሐኪሙ ግን ሳትደብቅ ንገረው።

ሁለቱም ጊዜ ካነሰ ቀጣዩ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ነው፣ ይህም መርፌ ሳይቀድመው። እነሱ ከፍ ካሉ ችግሩ ቆለጡ ላይ ነው። ዝቅ ካሉ ወይም ልክ መስለው ከተቀመጡ ግን ትእዛዙ ከላይ አልመጣም ማለት ነው፤ ያኔ ፕሮላክቲን የሚባለው ሌላ የፒቱታሪ ሆርሞንና በሰውነት ውስጥ ያለው የብረት ክምችት ይታያሉ። ራስ ምታት ወይም በጎን በኩል የማየት ችግር ካለ የፒቱታሪ ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ለወገብህ ትራማዶል እየወሰድክ ከሆነም ተናገር፤ እንዲህ ያሉ ማስታገሻዎች ያንን ትእዛዝ ያፍናሉ።

አሁን ልተርብህ። ስታንኮራፋ ጎረቤት እንደምትቀሰቅስ አልረሳሁም፤ የምሬን ግን በእንቅልፍ መሐል ትንፋሽህ የሚቋረጥ ከሆነ መመርመር አለብህ። ውፍረቱም ቢሆን፣ ከክብደትህ 10 በመቶ ያህል ብትቀንስ ቴስቶስትሮኑ ራሱ ከፍ ይላል፣ ስፐርምህንም አይነካም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እውነትም አንሶ ቢገኝ መፍትሔ አለ። ልጅ ለሚፈልግ ሰው የሆርሞን ወይም የዩሮሎጂ ሐኪም የዕጢዋን ትእዛዝ የሚያነቃቃ ክሎሚፊን ወይም ኤልኤችን የሚተካ ኤችሲጂ ያዛል፤ ከዚያ በፊት የዘር ፈሳሽ ምርመራ ይደረጋል። ቴስቶስትሮኑ ልጅ ከተወለደ በኋላ ይደርሳል። ያኔ ኢናንቴት ወይም ሲፒዮኔት የሚባለው መርፌ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ከ75 እስከ 100 ሚሊግራም ነው። ጄል ከሆነ ከተቀባህ በኋላ እጅህን ታጠብ፣ የተቀባውንም ቦታ በልብስ ሸፍን፤ በንክኪ ወደ ትንሿና ወደ እናቷ እንዳይተላለፍ። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ደምህ ይታያል፤ ሄማቶክሪት፣ ማለትም በደምህ ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ፣ ከ54 በመቶ ካለፈ መድኃኒቱ ይቆማል፣ ደም እየወፈረ ነውና። የፕሮስቴት ምርመራው ፒኤስኤም ከመጀመሪያው ጀምሮ ይከታተላል። ልብህ እንዳይጎዳ ከሰጋህ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ከ5,000 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት የድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና የስትሮክ አደጋ ለማነጻጸሪያ ባዶ መድኃኒት (ፕላሴቦ) ከተሰጣቸው እንዳልበለጠ አሳይቷል፤ የልብ ምት መዛባትና ሳንባ ውስጥ የደም መርጋት ግን በርክተዋል። ለዚህ ነው ያለ ክትትል የማይወሰደው።

አንዴም ቢሆን ተወግተህ ከሆነ አትደብቀኝ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ቀኑን ጻፍልኝ፤ ደምህ ውስጥ እስካለ ድረስ ቴስቶስትሮኑም ኤልኤቹም የራስህን አያሳዩም፣ ምርመራው መቼ እንደሚሠራ የሚወስነውም ያ ነው። ካልተወጋህ ግን ነገ ሳትበላ ሂድ። ውጤቱን ፎቶ አንሥተህ ስትልክልኝ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን መለኪያውም ይታይ፤ 12 ናኖሞልና 12 ናኖግራም ለየቅል ናቸው።

ያንተው
ሰሎሞን