ቢራው በማን መኪና ይሄዳል?

ሺልቲገም፣ እሑድ ማታ

ሰሎሜ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ቢያማትም ገበያ መውጣቱን አልተወችም። ሰላም በይልኝ ብላለች።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝን ነገር ሳሰላስለው ሰነበትኩ። ከጓደኞችሽ ጋር ትንሽ የቢራ መጥመቂያ ልትከፍቱ ነው። ያጠራቀምሻትን ገንዘብ ልታስገቢ ነው። «አባዬ፣ ቢራው ጥሩ ከሆነ ገዢ አያጣም» አልሽኝ። ዝም ያልኩሽ ተቃውሜ አይደለም። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ነው።

እኔ ስለ ጠመቃ የማውቀው ትንሽ ነው። በርሜል ግን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጭኜ አውርጃለሁ። ሃምሳ ሊትር የሚይዘው ሲሞላ ከስልሳ ኪሎ በላይ ነው። ካላመንሽ ወገቤን ጠይቂው።

አያትሽ ደብረ ብርሃን ጠላ ትሸጥ እንደነበር ታውቂያለሽ። ጌሾ ትወቅጣለች፣ ትጠነስሳለች፣ ሲደርስ አንዲት ጣሳ እንጨት ላይ ደፍታ በር ላይ ታቆማለች። በቃ። አከፋፋይ የለ፣ መኪና የለ። ጋኑ ካለበት ጠጪው ይመጣል።

የዚህ የፈረንሳይ አገርም ቢራ ሲጀመር እንዲሁ ነበር። ጄሮም ሃት የሚባል ጠማቂ በ1664 እዚሁ አልዛስ፣ ስትራስቡርግ ከተማ ውስጥ፣ ያ አንዴ አይስክሬም የገዛሁልሽ ፕላስ ዱ ኮርቦ ላይ፣ «መድፍ» የሚባል ቤት ከፈተ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፤ በኛ ብጽፍ ሁለታችንም እንምታታለን።) እዚያው ይጠምቃል፣ እዚያው ይቀዳል። የጠማቂዎች ምልክት ደግሞ ስድስት ጫፍ ያለው ኮከብ ነው። ልጅ ሆነሽ «የእስራኤል ባንዲራ ለምን እዚህ ተሰቀለ?» ያልሽኝ እሱ ነው። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ፤ የአያትሽ ጣሳ ዘመድ ነው።

ከዚያ ጋኑና ጠጪው ተለያዩ። ሁሉም ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ያስቸገረው ውሃ ነው። ኢል ወንዝ ሲሞላ ምድር ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። ቢራ ደግሞ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ይወዳል፤ በተለይ በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚብላላው ዓይነት። ማቀዝቀዣ ማሽን ባልነበረበት ዘመን ክረምት ላይ ከኩሬ በረዶ እየቆረጡ ነበር የሚያከማቹት። ስለዚህ ከፍ ያለ መሬት ፍለጋ ከከተማው ወጡ። የሃት ቤተሰብ በ1850 ክሮነንቡርግ የሚባለው ሰፈር ገባ። ፊሸር የሚባለው መጥመቂያ በ1854፣ ኤስፔራንስ የሚባለው በ1862 ወደኛው ሺልቲገም መጡ። ስለዚህ ነው ሰፈራችን የጠማቂዎች ከተማ የተባለው። ትምህርት ቤት ስወስድሽ «ገንፎ ሸተተኝ» የምትይው የነሱ ብቅል ነበር።

በ1852 የፓሪስና የስትራስቡርግ የባቡር መስመር ተከፈተ። ጠማቂው እስከዚያ ድረስ ገበያው ፈረሱ ውሎ የሚገባበት ቦታ ብቻ ነበር። አሁን ፓሪስን የሚያህል አፍ ተከፈተለት። በርሜሉን ተከትሎ ሰውም ሄደ። ቦፋንዤ የሚባለውን ቤት ፓሪስ ባስቲይ አጠገብ በ1864 የከፈተው የአልዛሷ የኮልማር ከተማ ሰው ነው። ሊፕ የሚባለውን የፓሪስ ቤት በ1880 የከፈተውም የአልዛስ ሰው ነው። «ብራስሪ» ማለት እኮ መጥመቂያ ማለት ነው። ዛሬ ፓሪስ ብራስሪ ገብተሽ የምታገኚው ስቴክና ነጭ የጠረጴዛ ጨርቅ ነው። ስሙ ከቢራው ጋር በባቡር ሄዶ እዚያው ቀረ።

ታዲያ በ1871 ምን ሆነ? ፈረንሳይ በጦርነቱ ተሸነፈችና አልዛስ ወደ ጀርመን ተጠቃለለች። ቢራው ያው ቢራ ነው። ውሃውም፣ ገብሱም ያው። በአልዛስና በፓሪስ መካከል ግን ኬላ ቆመ፤ በርሜሉ ቀረጥ ይከፍል ጀመር። ትናንት የአገር ቤት ዕቃ የነበረው ዛሬ ከውጭ የገባ ሆነ። አንዳንዱ ቻለው፣ ብዙው ተዘጋ ወይም ለትልቁ ተሸጠ። እስቲ ንገሪኝ፣ እነዚህ ሰዎች ጥሩ ቢራ መጥመቅ አቅቷቸው ነው?

ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልንገርሽ፤ ጨዋታው የማን ኩባንያ ማንን ገዛ ነውና። የሃት ቤት ከ1947 ጀምሮ ቢራውን ክሮነንቡርግ አለው። በ1969 ኦበርኔ ላይ ግዙፍ ፋብሪካ ከፈተ። በ1970 ከነአካቴው ለሌላ ኩባንያ ሄደ፤ ዛሬ የዴንማርኩ ካርልስበርግ ነው። ኤስፔራንስን በ1972 የሆላንዱ ሄኒከን ወሰደው። ፊሸርንም በ1996 ጨመረ። የፊሸር ፋብሪካ በ2009 ተዘጋ። ሄኒከን እዚሁ ሺልቲገም ያለውን የኤስፔራንስን ፋብሪካም በሦስት ዓመት ውስጥ እንደሚዘጋ በ2022 ኖቬምበር አስታወቀ። የሐረርንና የበደሌን ቢራ በ2011 የገዛው ያው ኩባንያ መሆኑን አጎትሽ ሲሰማ «ተከትለውን ሄዱ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

የሙትሲግን ነገር ግን ሳልነግርሽ አላልፍም። ከስትራስቡርግ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ ከተማ ነው። በ1810 የተከፈተ መጥመቂያ ነበረው፤ ዛሬ እዚያ አይጠመቅም። አንድ የሩዋንዳ ተወላጅ ከኔ ጋር ይሠራ ነበር። አንድ ቀን በዚያ ስናልፍ የመንገዱን ሰሌዳ አይቶ «መኪናውን አቁም!» ብሎ ጮኸ። አገሩ ሲጠጣ ያደገው ቢራ ስሙ ሙትሲግ ነው። የከተማ ስም መሆኑን አያውቅም ነበር። ወርዶ ሰሌዳው ሥር ፎቶ ተነሣ። ቢራው ኪጋሊ አለ፣ ሙትሲግ ላይ አይጠመቅም። እኔ ያን ቀን ሳቅኩ እንጂ አላሰብኩበትም ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። ቡና ቤት ከፍተሽ ገንዘብ ቢያጥርሽ ባንኩ ፊት ይነሣሻል። የቢራ ኩባንያው ወይም አከፋፋዩ ግን ፈገግ ብሎ ይመጣል። ብድር ይሰጥሻል፣ ወይም ባንክ ዋስ ይሆንልሻል። የድራፍት መቅጃውን ይተክላል፣ ማቀዝቀዣውን፣ ወንበሩን፣ የደጁን ጥላ ያመጣል። አንቺ ደግሞ ለተወሰነ ዓመት፣ ብዙውን ጊዜ እስከ አምስት ዓመት፣ የሱን ቢራ ብቻ ትገዢያለሽ። ውሉ ሕጋዊ ነው፤ ሌብነት የለበትም። እንዲያውም ሳይኖር ቢቀር ከደንበኞቼ ግማሹ ቤት አይከፍቱም ነበር።

ግን አንድ ነገር አየሁ። በየሳምንቱ የማወርድላት አንዲት ባለቡና ቤት ነበረች። አንድ ወጣት ጠማቂ ቢራውን አምጥቶ አቀመሳት። እኔንም ጠራችኝ። ሥራ ላይ ስለሆንኩ ከንፈሬን ብቻ ነካሁ። ግሩም ነበር! እሷም ወዳዋለች። ከዚያ መቅጃዋን አየች፣ ወንበሮቿን አየች፣ ደጅ ያለውን ጥላ አየች። የተጻፈባቸው ሁሉ የሌላ ስም ነው። «ለገና በጠርሙስ ጥቂት አምጣልኝ» ብላ ሸኘችው። ጃምቦው ያለው ግን መቅጃው ላይ ነው። ልጁ ሁለተኛ አላየሁትም።

ትልልቆቹ ይህን ቀድመው ስለገባቸው ማከፋፈያውንም ገዙ። ፍራንስ ቧሶን የሚባለው ትልቅ አከፋፋይ የሄኒከን ነው። ጠማቂውም ባለመኪናውም አንድ ሰው ሲሆን አንቺ የማንን መኪና ትለምኛለሽ?

ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም። እዚሁ አልዛስ፣ ሆክፌልደን ያለው ሜቴዎር የሚባል መጥመቂያ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ከ1640 ጀምሮ ይጠመቃል፤ እስከዛሬ በቤተሰብ እጅ ነው። ዙሪያው የሆፕስ እርሻ ነው፤ እኛ በጌሾ የምናደርገውን እነሱ በሆፕስ ያደርጉታል። በ1927 ፒልስ የሚባለውን፣ ስሙ ከቼኳ ፒልዘን ከተማ የመጣ ቢራ ሲያወጡ በስሙ ለመጠቀም ቼኮቹን አስፈቅደው ነው ይባላል። እንዴት ሳይሸጥ ቀረ ብትይኝ፣ አንዱ ምክንያት ቤተሰቡ እምቢ ማለቱ ነው። ሌላው ግን እንደ ጫኝና አውራጅ ሳየው፣ ደጁን አለመልቀቁ ነው። የሰፈሩን ቡና ቤት አጥብቆ ያዘ። አልዛስ ውስጥ ደግሞ ጠርሙስ በማስያዣ ወስዶ ባዶውን መመለስ ከሌላው ፈረንሳይ በተሻለ ቆይቷል። ባዶ ጠርሙስ ሩቅ መመለስ ያከስራል። ቅርብ ያለው ጠማቂ ነው የሚችለው። እኛ በባዶ ሣጥን ስንነጫነጭ ሣጥኑ ለካ አጥር ኖሯል።

ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ከ2,000 በላይ መጥመቂያ አለ። ጓደኞችሽ ጎበዞች እንደሆኑ አልጠራጠርም። ገንዘቡን ከማስገባትሽ በፊት ግን ተቀመጡና ይህን ጠይቂልኝ። በርሜሉን ማን ያደርሳል? የትኞቹ ቡና ቤቶች ናቸው ከውል ነጻ የሆኑት? ስማቸውን ጽፋችኋል? ጠርሙሱን ማን ያጥበዋል? ስለ ጣዕሙ አንድ ሰዓት ካወሩሽ ስለ መኪናው ሁለት ሰዓት ያውሩሽ። «እሱ ይደርሳል» ካሉሽ ገንዘብሽን ያዢ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ነይ። በጠዋቱ ባቡር ሆክፌልደን እንሂድ፣ ጓደኞችሽንም አምጫቸው። ወገቤ ቢያመኝም ከውል ነጻ የሆኑትን ቤቶች ከነአድራሻቸው የማውቀው እኔ ነኝ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። እናትሽ ደግሞ ለፋሲካ የወሰድሽውን ባዶ ሣጥን መልሺ ብላለች። ማስያዣው የሷ ነው።

አባትሽ