ለደንበኞቻችን፦ ከፍርድ ውሳኔ በኋላ ስለሚነሳ ሁከትና ስለ ኢንሹራንስ ውላችሁ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሕዝብን የሚያከራክር የፍርድ ውሳኔ በሚጠበቅበት ሰሞን ሁሉ የቢሮአችን ስልክ ፋታ አያገኝም፤ ጥያቄውም በአመዛኙ «ሁከት ተነስቶ ሱቄ ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ ኢንሹራንሱ ይከፍለኛል ወይ?» የሚል ነው። ከእናንተ መካከል ሌላ ቦታ የቀረበላችሁን ርካሽ ውል እኛ ለምን እንደማንሸጥ የጠየቃችሁን ስላላችሁ፣ ሁለቱንም በአንድ ደብዳቤ ማስረዳት መረጥን። መልሱን ለመረዳት በዚሁ በሎስ አንጀለስ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 1992 በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በምትገኘው በሲሚ ቫሊ የተሰየመው ጁሪ (ፍርድ የሚሰጡ የተራ ዜጎች ሸንጎ)፣ ሮድኒ ኪንግ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ሲደበደብ በሚያሳየው ቪዲዮ ምክንያት የተከሰሱትን አራት ፖሊሶች፣ በአንደኛው ላይ ስምምነት ካልተደረሰበት አንድ ክስ በስተቀር ነፃ አሰናበታቸው። በዚያው ዕለት ማምሻውን በፍሎረንስና በኖርማንዲ ጎዳናዎች መገናኛ የተባባሰው ሁከት ለቀናት ዘልቆ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የንብረቱ ጉዳትም ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። በውሳኔው ያዘነው አደባባይ የወጣው ሰው ብቻ አልነበረም፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ራሳቸው ውሳኔው ከቪዲዮው ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ለመረዳት እንደሚከብድ ለሕዝብ ተናግረዋል። አገሩ የተከፋፈለው ስለ እሳቱ መነሻ ሲነጋገር ነው። የዋይት ሐውስ ቃል አቀባይ ጥፋቱን በ1960ዎቹ የድጎማ ፕሮግራሞች ላይ ሲያላክኩ፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ዳን ኩዌል ደግሞ የቤተሰብን መላላት ወቀሱ፤ ለምርጫ ይወዳደሩ የነበሩት ቢል ክሊንተን በበኩላቸው ለከተሞች ችግር ጀርባውን ሰጥቷል ያሉትን መንግሥት ተጠያቂ አደረጉ። ይህ ሁሉ ክርክር ለተቃጠለ ሱቅ ባለቤት አንድ ጣውላ እንኳ አላቀበለውም።

ከሁሉም የከፋው ጉዳት የደረሰባቸው ኮሪያውያን ባለሱቆች ነበሩ። ከአንድ ዓመት በፊት የ15 ዓመቷን ጥቁር አሜሪካዊት ላታሻ ሃርሊንስን ተኩሳ የገደለች ኮሪያዊት ባለሱቅ ያለ እስራት በመለቀቋ በአካባቢው የቆየ ቂም ነበር፤ በሁከቱ ከ2,000 በላይ የኮሪያውያን ንግድ ቤቶች ተዘረፉ ወይም ተቃጠሉ። እኛን የሚመለከተው ቀጥሎ የሆነው ነው። ከእነዚህ ባለሱቆች ብዙዎቹ ዓመታት አረቦን የከፈሉባቸው ኩባንያዎች በካሊፎርኒያ ፈቃድ የሌላቸው፣ አንዳንዶቹም በውጭ አገር ደሴቶች የተመዘገቡ ሆነው ተገኙ፤ ካሳ ሲጠየቁም መክፈል አልቻሉም። ባለሱቆቹን ግን ገንዘብ ለመቆጠብ ሲሉ ራሳቸውን ጎዱ ብሎ መፍረድ ቀላልና ኢፍትሐዊ ነው፤ ፈቃድ ያላቸው ኩባንያዎች በእነዚያ ሰፈሮች ውል ለመስጠት ሲያመነቱ ወይም የማይቀመስ ዋጋ ሲጠይቁ ኖረዋልና።

ፈቃድ ያለው ኩባንያ ቢከስር የካሊፎርኒያ የመድን ዋስትና ማኅበር በአንድ የካሳ ጥያቄ እስከ 500,000 ዶላር ይሸፍናል። ፈቃድ ለሌለው ኩባንያ ግን ይህ ዋስትና የለም፤ ይህንኑ የሚገልጽ ማስታወቂያ ላይ እንድትፈርሙ ሕጉ ያስገድዳል። ያንን ገጽ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር አብራችሁ ሳታነቡ ፈርማችሁ እንደሆነ አሁን አውጥታችሁ ተመልከቱት። ፈቃድ ከሌላቸው ኩባንያዎች የሚመጣውን ርካሽ ውል የማንሸጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፣ የተለመደው የንግድ ንብረት ውል በሁከትና በዘረፋ የሚደርስን ጉዳት ይሸፍናል፤ የሚያገልለው ጦርነትንና በመንግሥት ላይ የሚነሳ አመፅን ነው። ወታደር ከተማ ገባ ማለት ሽፋኑ ቀረ ማለት አይደለም፤ በ1992 ፕሬዚዳንቱ ጦር አዝዘው ሳለ ኩባንያዎች ወደ 775 ሚሊዮን ዶላር ከፍለዋል። ሱቁ ከ60 ተከታታይ ቀናት በላይ ባዶ ከሆነ ግን ለዘረፋና ለመስበር ጉዳት ብዙ ውሎች አይከፍሉም። የሰዓት እላፊ ታውጆ ሱቃችሁ ሳይነካ ቢዘጋ፣ ለቀረው ገቢ የሚከፈለው በአቅራቢያው ሌላ ንብረት ተጎድቶ ባለሥልጣን መግቢያውን ሲከለክል ነው፤ ያውም በአብዛኛው ከ72 ሰዓት በኋላ ጀምሮ ይታሰባል። የማድረሻ መኪና ያላችሁ ደግሞ ውላችሁ ሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት ብቻ ከሆነ ለተቃጠለው መኪና ምንም እንደማታገኙ እወቁ።

ካሳ ሲጠየቅ ክርክሩ የሚነሳው በእቃው ብዛትና ዋጋ ላይ ነው። የግዢ ደረሰኙ በሱቁ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ከመሳቢያው ጋር ይቃጠላል፤ ስለዚህ መደርደሪያዎቹን፣ ማቀዝቀዣዎቹንና የመለያ ቁጥራቸውን በስልካችሁ ቀርጻችሁ ከሱቁ ውጭ አስቀምጡ፣ ወይም ለእኛ ላኩልን። ውሉ የሚከፍለው የአዲስ እቃ ዋጋ ይሁን ወይም እርጅናው ተቀንሶ የሚታሰብ ዋጋ፣ ይህም በአንደኛው ገጽ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ልዩነቱ ለአሮጌ ማቀዝቀዣ ባለቤት ቀላል አይደለም።

ውላችሁን ከሌላ ወኪል የገዛችሁም ብትሆኑ ይዛችሁ ብትመጡ፣ የኩባንያውን ፈቃድ ከካሊፎርኒያ የመድን መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ አብረን እናጣራለን፤ ለዚህ ክፍያ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቢሮው ኃላፊዎች